ሆደ ባሻው አንጀት

ሐበሻ ከእምብርቱ በላይ ቢያመው ጨጓራ ነው፤ ከእምብርቱ በታች ቢያመውም ጨጓራ ነው። ሆዱ ቢነፋ ጨጓራ፣ ቢያስቀምጠው ጨጓራ፣ ሦስት ቀን ቢደርቅበትም ጨጓራ። «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ካለ በኋላ ማንም ሌላ ጥያቄ አይጠይቀውም። ቃሪያው ከፊቱ ይነሣለታል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ይቀርብለታል (ወተቱ ራሱ ስለሚያመጣው ጣጣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን)፣ ከዚያም የቤቱ ባለቤት ከመታጠቢያ ቤቱ ቁም ሣጥን ኦሜፕራዞል ይዞለት ይመጣል። እኔ በምኖርበት በሄይዋርድም ሆነ በእንግድነት በምሄድባቸው የኦክላንድና የሳን ሆዜ ቤቶች ኦሜፕራዞል የሌለበት ቁም ሣጥን ያለ አይመስለኝም።

ይህን የምለው ጨጓራን ለማቃለል አይደለም። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ በአገራችን እጅግ የተስፋፋ ነው። አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የጨጓራ ቁስለትን ከዚህ ባክቴሪያ ጋር በማያያዛቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ተመርምሮ የሚገኝ፣ በመድኃኒት ተጠርጎ የሚወጣ ነገር ነው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግኩት ግን ጨጓራ ስላልሆነው «ጨጓራ» ነው፤ ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሕመሙ ግን አልለቅ ስላለው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። በጀርመን አገር ተምሬ የመጣሁት ምህንድስና ነው፤ ቀን ቀን የፋብሪካ ማሽኖች ከተወሰነላቸው ሙቀትና ግፊት እንዳይወጡ በሚጠብቁ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያዎች ላይ እሠራለሁ። ማታ ማታ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ ስለኖረው ስለ ገዛ ሆዴ አነብባለሁ። እነሆ ከዚያ የተጠራቀመውን።

በሽታው በእንግሊዝኛ «ኢሪተብል ባወል ሲንድሮም»፣ ባጭሩ አይ.ቢ.ኤስ. ይባላል። ሐኪሞች የሚለዩት «የሮም መስፈርት» በሚባለው ሲሆን በ2016 የወጣው አራተኛው እትም የሚጠይቀው ይህን ነው። ሰውየውን ባለፉት ሦስት ወራት በአማካይ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ሆዱን ሊያመው ይገባል። ሕመሙም ከሰገራ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት፤ ሲጸዳዳ የሚሻለው ወይም የሚብሰው፣ ከወትሮው ይበልጥ የሚያመላልሰው ወይም የሚያቆየው፣ የሰገራው መልክ የሚለወጥበት፤ ከእነዚህ ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ ሊኖሩ ይገባል። ጣጣው ከጀመረውም ስድስት ወር ያለፈው ይሁን። አንዱን ያስቀምጠዋል፣ ሌላውን ያደርቀዋል፣ ሦስተኛውን እያፈራረቀ ያሰቃየዋል። በ33 አገሮች ተደርጎ በ2021 የወጣ ጥናት በዚህ መስፈርት ከመቶ ሰው 4ቱ ያህሉ እንዳለበት፣ ላላ ባለው በቀድሞው መስፈርት ደግሞ 10 ያህሉ እንዳለበት አሳይቷል። ስለዚህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወይም በእድር ስብሰባ ላይ ከመካከላችን ስንቱ ዝም ብሎ እንደሚሸከመው መገመት ይቻላል።

ስሙን ወደ አማርኛ ስመልሰው «የተቆጣ አንጀት» ማለት አልወደድኩም፤ ቁስል ያለበት ያስመስለዋል። በካሜራ ቢታይ ቁስል የለም። እኔ «ሆደ ባሻ አንጀት» እለዋለሁ። ሆደ ባሻ ሰው ታውቃላችሁ፤ ሌላው ስቆ የሚያልፈው ቀልድ እሱን ያስለቅሰዋል። የተባለው ነገር አልከፋም፣ የሰማው ጆሮ ነው የሳሳው። ጄምስ ሪቺ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ይህንኑ በ1973 በቁጥር አሳይቶታል። ትንሽ የላስቲክ ፊኛ በታችኛው አንጀት ውስጥ አስገብቶ እስከ 60 ሚሊሊትር ነፋው። ከጤነኞቹ ያመማቸው ከመቶ 6ቱን ብቻ ነበር፤ ከበሽተኞቹ ግን ከመቶ 55ቱን አመማቸው። ፊኛው ያው፣ አየሩ ያው፣ ስሜቱ ግን ለየቅል። በእኛ ሙያ ቋንቋ ቧንቧው ደኅና ነው፣ የግፊት መለኪያው ግን ከልክ በላይ ያነብባል። «ሕመምህ የሐሳብ ነው» ለሚሉን መልሱ እዚሁ ላይ ነው፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው፣ የሚመጣውም በእውነተኛ ነርቭ ነው።

አሁን መንስኤንና ቀስቃሽን ለይተን እንሂድ፤ ያለዚያ የቀረው ሁሉ ይምታታል። ሄይዋርድ የተሠራችው በስሟ በሚጠራው የመሬት ስንጥቅ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1868 ስንጥቁ ተንቀሳቅሶ ከተማዋን አፈራርሷታል፤ በአካባቢው 30 ያህል ሰው ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ዝም ያለ ይመስላል እንጂ በዓመት 5 ሚሊሜትር ያህል ይሳባል፤ ስንጥቁ ላይ የተቀመጠው የቀድሞው ማዘጋጃ ቤት ግድግዳው ተሰነጣጥቆ ሰው አልባ ሆኖ ቀርቷል። (አንድ የመንገድ ጠርዝም ለሁለት ተከፍሎ ሲራራቅ ጂኦሎጂስቶች ለዓመታት ፎቶ እያነሡ ይከታተሉት ነበር። በ2016 የከተማው ሠራተኞች መጥተው አዲስና ቀጥ ያለ ጠርዝ ሠሩበት፤ ባለሙያዎቹ ልቅሶ ተቀመጡ ማለት ይቻላል።) ነገ መሬቱ ቢናወጥ መንስኤው ከ1868 ጀምሮ የተጠራቀመው ውጥረት ነው፤ በመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ የተጨመረችው ትንሽ ግፊት ቀስቃሽ ብቻ ናት። የሆዳችንም ነገር እንዲሁ ነው። ሽሮ በልተን ሲያመን «ሽሮው ነው» እንላለን። ሽሮው ቀስቃሽ ነው፤ ውጥረቱ የተጠራቀመው ሌላ ቦታ ነው።

የት ተጠራቀመ? በደንብ ከተጠኑት መንስኤዎች አንዱ ያለፈ የአንጀት ኢንፌክሽን ነው። በሜይ 2000 በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ዎከርተን በምትባል ትንሽ ከተማ የመጠጥ ውሃ በባክቴሪያ ተበክሎ 7 ሰው ሞተ፣ ከ2,300 በላይ ሰው ታመመ። ተመራማሪዎች ነዋሪዎቹን ተከታተሏቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያን ጊዜ ካልታመሙት ሰዎች አይ.ቢ.ኤስ. የተገኘባቸው ከመቶ 10 ያህሉ ሲሆኑ ሕመማቸው በሕክምና ከተመዘገበው ግን 36 ያህሉ ነበሩ። በ2004 ደግሞ በኖርዌይ በርገን ከተማ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ጃርዲያ ገባ። አዎ፣ ያው የምናውቀው ጃርዲያ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጃርዲያ ከነበረባቸው ሰዎች ከመቶ 46ቱ አይ.ቢ.ኤስ. ነበረባቸው፤ ካልነበረባቸው ግን 14ቱ ብቻ። በ2017 የወጣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ እንደሚለው ተቅማጥ ካመጣ ኢንፌክሽን በኋላ ከአሥር ሰው አንዱ ያህል በዓመት ውስጥ ይህ በሽታ ይተርፈዋል፤ ኢንፌክሽኑ የጃርዲያ ዓይነት ከሆነ ግን ቁጥሩ ወደ 40 ከመቶ ይጠጋል። ሴቶች ላይ ደግሞ በእጥፍ ያህል ይከፋል።

እንግዲህ እስቲ እናስብ። የበርገን ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ጃርዲያ ይዞት ይህን ያህል ከሆነ፣ በልጅነታችን ከወንዝ ጠጥተን፣ በትምህርት ቤት በር ላይ ያልታጠበ በለስ በልተን፣ በየክረምቱ «አሜባ ነው»፣ «ጃርዲያ ነው» እየተባለ ፍላጅል የዋጥን እኛስ?

ስለ አሜባው አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። ሕመም የሚያመጣው አሜባ «ኢንታሚባ ሂስቶሊቲካ» ይባላል። ወንድሙ «ኢንታሚባ ዲስፓር» ግን አንጀት ውስጥ በሰላም የሚኖር ነው። በተራ ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ቁርጥ አንድ ናቸው። በ2004 በኢትዮጵያ በእስረኞችና በአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ሰገራ ላይ በዘረመል ምርመራ የተደረገ ጥናት ወጥቶ ነበር፤ የተገኘው በአብዛኛው ምንም የማያደርገው ዲስፓር ነበር። ስለዚህ በወረቀት ላይ «አሜባ ተገኝቶበታል» የተባለ ሰው ሁሉ ሆዱን ያመመው አሜባ ነው ማለት አይደለም። ከዚያ ሁሉ ፍላጅል በኋላ አሁንም የሚያመው ሰው ምናልባት መጀመሪያውኑ ያልተጠየቀ ጥያቄ አለበት። ይባስ ብሎ ያ የ2017 ሥራ በኢንፌክሽኑ ጊዜ አንቲባዮቲክ መውሰድን ራሱን ለአይ.ቢ.ኤስ. ከሚያጋልጡ ነገሮች ጋር ቆጥሮታል፤ አንቲባዮቲክ ጠላቱን ብቻ መርጦ አይገድልምና። ይህ ግን በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት ለማቆም ምክንያት አይሁን። እኔ የምለው ለዕረፍት አገር ቤት ሄደን ከፋርማሲ በፌስታል ጭነን ስለምናመጣው ነው።

ተውሳኩ ከሞተ በኋላ ሕመሙ ለምን ይቀራል? በ2021 የቤልጅየም ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ የሚገርም ነገር አሳይተዋል። አይጦች አንጀታቸው በባክቴሪያ ታሞ ሳለ የእንቁላል ፕሮቲን አበሏቸው። አይጦቹ ከዳኑ በኋላ ያንኑ ፕሮቲን እንደገና ሲበሉ አንጀታቸው ታመመ፤ በሕመሙ ጊዜ ያልበሉት ግን ምንም አልሆኑም። የአንጀቱ ዘብ በጦርነቱ ቀን እዚያ የተገኘውን ምግብ ከጠላት ጋር አብሮ መዝግቦታል ማለት ነው። በጥቂት በሽተኞች ላይም ስንዴና ወተትን በመሳሰሉ ምግቦች ተመሳሳይ ምልክት አግኝተዋል። ገና ብዙ የሚቀረው ምርምር ነው፤ ነገር ግን «ይህን ምግብ ልጅ ሆኜ እንደ ልቤ እበላው ነበር፣ ምን ነካኝ?» ለሚለው ሰው የመጀመሪያው ምክንያት ያለው መልስ ይመስለኛል።

ሁለተኛው መንስኤ ጭንቀት ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ፊቱን ቢያጨማድድ አልፈርድበትም። እኔንም አንድ ሐኪም «ምርመራህ ንጹሕ ነው፣ ትንሽ ጭንቀት ቀንስ» ብሎ በሦስት ደቂቃ ሸኝቶኛል። ነገሩ ግን ከዚያ ምክር የጠለቀ ነው። በ1999 የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ሼፊልድ ላይ በአንጀት ኢንፌክሽን ሆስፒታል የገቡ ሰዎችን ገና ተኝተው ሳሉ ስለ ኑሯቸው ጠየቋቸው፤ ከወራት በኋላም ተመልሰው መረመሯቸው። ሕመሙ የቀረባቸው ሰዎች ከኢንፌክሽኑ በፊት በነበረው ጊዜ ብዙ የኑሮ መናወጥ የደረሰባቸውና ሥጋት የበዛባቸው ሆነው ተገኙ። ኢንፌክሽኑ ብቻውን አይደለም፣ ጭንቀቱም ብቻውን አይደለም፤ ሁለቱ አንድ ቀን ሲገናኙ ነው።

የእኛ ሰው የስደት መንገድ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያገናኝ ነው። በመተማ ወጥቶ ሱዳን የገባ፣ በበረሃ ከበርሜል ውሃ የጠጣ፣ በካምፕ ዓመታት የተቀመጠ ሰው የተበከለውን ውሃና ፍርሃቱን በአንድ ኩባያ ነው የጠጣው። በአውሮፕላን የመጣነውም ቢሆን ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በቀበሌ፣ በእስር ቤት፣ በጦር ሜዳ ምን እንዳለፈ በየቤታችን እናውቀዋለን። የልጅነት በደልና የጦርነት ልምድ ይህን በሽታ እንደሚያበዛ በአሜሪካ በሽተኞችና ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በተመለሱ ወታደሮች ላይ ተጠንቷል። ሐበሻ ግን እንዲህ ያለውን ነገር «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ነው የሚያልፈው። አንዳንድ ጊዜ ሆድ እውነትም ይፈጀዋል።

አንጀት የራሱ ነርቭ አለው፤ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሴሎች ያሉት መረብ ነው። ሴሮቶኒን የሚባለው የነርቭ መልእክተኛ ከሰውነታችን ውስጥ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው የሚገኘው አንጀት ውስጥ ነው። ከጭንቅላት ወደ ታች፣ ከአንጀት ወደ ላይ ቀኑን ሙሉ መልእክት ይመላለሳል። በሠርግ አዳራሽ ማይክሮፎኑ ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ የሚወጣውን ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት አስታውሱ። ማይክሮፎኑ ከማጉያው የወጣውን ይሰማል፣ መልሶ ይልካል፣ ማጉያው አጉልቶ ያወጣዋል፣ ማይክሮፎኑ እንደገና ይሰማል። ማይክሮፎኑም ማጉያውም አልተበላሹም፤ የተበላሸው ዙሩ ነው። በ2016 የሮም ጉባኤ የእነዚህን በሽታዎች የወል ስም «የአንጀትና የአንጎል መስተጋብር መታወክ» ብሎ የለወጠው ለዚህ ነው። አማርኛ በበኩሉ ከመጀመሪያውም አንጀትንና ስሜትን ለይቶ አያውቅም። አንጀቴ ተላወሰ፣ አንጀቴን በላችው፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ ሆዴ ባባ። «ሆዴ ባባ» ለሚለው ግን አንድም አስተርጓሚ ደኅና ቃል ሲያገኝለት አላየሁም።

የዚህ ዙር ምሳሌ ለእኔ የሳን ማቴዎ ድልድይ ነው። ከሄይዋርድ ተነሥቶ ባሕሩን የሚያቋርጠው 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መሐሉ ላይ መውጫ የለም፣ መጸዳጃ የለም። ጠዋት መኪናው ሲቆም፣ ገና ምንም ሳልበላ፣ «አሁን ቢመጣስ?» ብዬ ሳስብ ይመጣል። ሐሳቡ አንጀቱን ያነቃዋል፣ የአንጀቱ እንቅስቃሴ ሐሳቡን ያረጋግጥለታል። ይህን የሚያነብ ባለ አይ.ቢ.ኤስ. ሁሉ የራሱ ድልድይ አለው፤ የአንዱ ባርት ባቡር ነው፣ የሌላው ቅዳሴ።

ዘርስ? ዘር አለበት፣ ግን ትንሽ ነው። ከ53,000 በላይ በሽተኞች የተካተቱበት የ2021 የዘረመል ጥናት ስድስት ቦታዎችን አግኝቷል፤ አብዛኞቹም ከሆድ ይልቅ ከሥጋትና ከስሜት ጋር የሚያያዙ ሆኑ። «የአባቴ ጨጓራ ነው» የሚባለው ምናልባት ከአባት የተወረሰ ጨጓራ ሳይሆን ከአባት የተወረሰ ጭንቀት ነው።

ወደ ቀስቃሾቹ እንምጣ፤ ሽሮው ችሎት የሚቀርበው እዚህ ነው። በአውስትራሊያ ሜልቦርን የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2005 «ፎድማፕ» የሚል ስም ያወጡላቸው አጫጭር ስኳሮች አሉ። በትንሹ አንጀት ውስጥ በደንብ አይመጠጡም፤ ውሃ እየሳቡ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳሉ፣ እዚያ ባክቴሪያው ያብላላቸዋል፣ ጋዝ ይሆናሉ። ይህ በማንኛውም ጤነኛ ሰው ላይ ይሆናል። ሆደ ባሻው አንጀት ግን የሪቺን ፊኛ አስታውሱት፤ ያቺኑ ጋዝ እንደ ጩቤ ይቆጥራታል።

እነዚህ ስኳሮች በእኛ ማዕድ ላይ የት የት አሉ? ቀዳሚው ሽንኩርት ነው፤ ነጭም ቀይም። ዶሮ ወጥ ማለት በዘይትና በቅቤ የቀለጠ ሁለት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ማለት ነው፤ ዶሮዋ እንግዳ ናት። ቁሌቱ የቱንም ያህል ቢበስል ስኳሩ ከድስቱ አይወጣም። ቀጥሎ ጥራጥሬው፤ ሽንብራ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ አተር። በሁዳዴ 55 ቀን ሽሮ፣ ክክና ምስር በየዓይነቱ ሲፈራረቅ ከርሞ በፋሲካ ሌሊት በአንድ ጊዜ ዶሮው፣ ክትፎው፣ አይቡ ይወርዳል። አንጀት ድንገተኛ ለውጥ አይወድም፤ ቅባት የበዛበት ትልቅ ማዕድ ደግሞ ራሱን ችሎ የአንጀትን መኮማተር ያነሣሣል። ጾሙን ተዉ የማለት መብትም ፍላጎትም የለኝም፤ ጾመኛው ጥራጥሬውን በውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን ቢደፋ ግን ከስኳሩ የተወሰነው አብሮ ይሄዳል። ለሽንኩርቱም መላ አለ። የሽንኩርት ስኳር በውሃ ይሟሟል እንጂ በዘይት አይሟሟም፤ ስለዚህ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ጠብሶ ፍሬውን አውጥቶ ጥሎ ዘይቱን ለወጥ መጠቀም ይቻላል። ሽታው ይቀራል፣ ስኳሩ ይወጣል። እናቴ ይህን ስነግራት ሳቀች።

እንጀራው አወዛጋቢ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ እርሾውም ሁለት ሦስት ቀን ሲያብላላው ከስኳሩ ይበላለታል። ነገር ግን እዚህ በፌስታል ከምንገዛው እንጀራ ብዙው ገብስ፣ ስንዴ ወይም ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው፤ በስንዴና በገብስ ውስጥ ደግሞ ያው የሽንኩርቱ ዓይነት ስኳር አለ። «እንጀራ አልስማማ አለኝ» ከማለት በፊት የትኛው እንጀራ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ወተትም እንዲሁ። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም በብዙ ሰው ላይ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል። ለ«ጨጓራ» ተብሎ የሚጠጣው ብርጭቆ ለእንዲህ ያለ ሰው ራሱ ተቅማጥና ንፋት ያመጣል፤ የተነጠረ ቅቤ ግን ከዚህ ስኳር ምንም ያህል ስለሌለው አያስፈራም።

በርበሬና ሚጥሚጣ የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር የሚይዘውን የነርቭ በር በ1997 ያገኘው ከእኛ ባሕሩን ማዶ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ዩ.ሲ.ኤስ.ኤፍ. የሚሠራው ዴቪድ ጁሊየስ ነው፤ ለዚህም በ2021 ኖቤል ተሸልሟል። በርበሬ ሥጋ አያቃጥልም፤ የሙቀትን ነርቭ አታልሎ «እሳት ነው» ያሰኘዋል። ይህ በር ያላቸው ነርቮች በአንዳንድ የአይ.ቢ.ኤስ. በሽተኞች አንጀት ላይ ከወትሮው በዝተው ተገኝተዋል። ቡናም አለ። በ1990 በወጣ ጥናት በብዙ ጠጪዎች ላይ ታችኛው አንጀት በአራት ደቂቃ ውስጥ መንቀሳቀስ ጀምሯል፤ ካፌይኑ የወጣለት ቡናም እንዲሁ አድርጓል። አቦል ላይ የሚነሣ እንግዳ ካለ ቶናና በረካን ንቆ አይደለም።

ሥራችንም ቀስቃሽ ነው። በሚሺጋን ነርሶች ላይ ተደርጎ በ2010 የወጣ ጥናት ቀንና ሌሊት እያፈራረቁ የሚሠሩት ከቀን ሠራተኞቹ ይልቅ ይህ በሽታ እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። አንጀትም ሰዓት አለው። በኤርፖርት ፓርኪንግ፣ በአረጋውያን ቤት፣ በሆስፒታል ሌሊቱን አድሮ፣ ቀኑን በቡና ተሸክሞ፣ በመጨረሻ አንዴ ከባድ እራት በልቶ የሚተኛ ወገናችን ስንት ነው!

ቀስቃሽን ለማግኘት ማሽን ላይ የምንሠራው ሥራ እዚህም ይሠራል፤ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ መጻፍ፣ መጠበቅ። የሞናሽ ዘዴ የሚባለውም ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ዋና ዋናዎቹን ስኳሮች አንሥቶ ከዚያ አንድ በአንድ መመለስ ነው። መመለሱ ግን ይዘነጋል። ሽንኩርቱን፣ ምስሩን፣ እንጀራውን፣ ቡናውን አንዱን ከአንዱ በኋላ ጥሎ ሩዝና ዶሮ ብቻ ይዞ የቀረ ሰው አውቃለሁ። ሰርግ አይሄድም፣ ጉርሻ ሲዘረጋለት ይሸሻል፤ ሆዱ ግን አሁንም ያመዋል፣ ምክንያቱም የጣለው ሁሉ ቀስቃሽ ነበር።

ይህን ሁሉ በራስ ከመሞከር በፊት ግን ሐኪም ቤት። ሰገራ ላይ ደም ያየ፣ ሳይፈልግ የከሳ፣ ደም ያነሰው፣ ትኩሳት ያለው፣ ሕመሙ ወይም ተቅማጡ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው፣ ከቤተሰቡ የአንጀት ካንሰር የያዘው ሰው ያለ፣ ወይም ጣጣው ከ45 ዓመት በኋላ የጀመረው «አይ.ቢ.ኤስ. ነው» ብሎ መቀመጥ የለበትም። በአሜሪካ የአንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ከ2021 ጀምሮ ምልክት ለሌለውም ሰው ከ45 ዓመት እንዲጀመር ይመከራል፤ እኔ አድርጌዋለሁ፣ የሚከብደው ከምርመራው በፊት የሚጠጣው መድኃኒት ብቻ ነው። ተቅማጥ የሚያመላልሰው ሰው የሲሊያክ የደም ምርመራ፣ ካልፕሮቴክቲን የሚባል የሰገራ ምርመራና የጃርዲያ ምርመራ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። የሲሊያኩ ምርመራ ስንዴ ወይም ገብስ እየበሉ ካልሆነ ውጤቱ ያሳስታል፤ ስለዚህ ደም ከመሰጠቱ በፊት ስንዴ አይተው። የት እንደተወለዳችሁ፣ አገር ቤት መቼ እንደሄዳችሁ፣ ምን ምን መድኃኒት ከዚያ እንዳመጣችሁ ሳትጠየቁም ተናገሩ።

አስተርጓሚ ካስፈለገ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የራስን ልጅ አስተርጓሚ ማድረግ ግን አይመከርም፤ አባት በልጁ ፊት ስለ ሰገራው አያወራም፣ ወሬውም ዞሮ «ጨጓራውን ነው» በሚል ያልቃል። ከዚያ በኋላም ማፈራችን ካልቀረ በ1997 የብሪስቶል ሐኪሞች ያወጡት ሰንጠረዥ አለ። ከ1 እስከ 7 ቁጥር የተሰጣቸው ሥዕሎች ናቸው፤ 1 እንደ ፍየል በጠጥ የደረቀው፣ 7 ውሃ የሆነው። አብዛኛው ሐኪም ያውቀዋል። አንድ ቃል መናገር አያስፈልግም፤ በጣት ማሳየት ነው።